የታመመ ሠራተኛ ሕመሙን ለማን ይንገር?

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ የተረቱት ተረት በትልቁም በትንሹም አፍ የሚነገር ነው። ቃሉም እውነት ነው፤ ሕመሙን ለባለመድኃኒቱ ያልገለጠ ሰው ፈውስ ሊያገኝ አይችልምና። ይሁን እንጂ ነገሩን ጠለቅ አድርገን ስንመለከተው፣ ተረቱ የሚናገረው ስለ አንድ ደጅ ብቻ መሆኑን እናስተውላለን፤ ይኸውም የባለመድኃኒቱ ደጅ ነው። የዛሬ ሠራተኛ ግን ሕመሙን ይዞ የሚቆመው በሁለት ደጆች ፊት ነው። አንደኛው የሐኪሙ ደጅ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የወር ደመወዙን የሚከፍለው የአሠሪው ደጅ ነው። በፊተኛው ደጅ የሚናገረው ቃል መድኃኒት ያስገኝለታል፤ በሁለተኛው ደጅ የሚናገረው ግን እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ደጅ ተረቱ አንዳች የሚነግረን ነገር የለም።

የስኳር በሽታ፣ የሚጥል በሽታ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የልብ ሕመም ወይም ሌላ ለብዙ ዘመን አብሮ የሚኖር ደዌ እንዳለበት የተነገረው ሰው፣ ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲመለስ በልቡ የሚያወጣውና የሚያወርደው ነገር ይህ ነው። ለአለቃዬ ብናገር ያዝንልኛል ወይስ ከሥራ ያሰናብተኛል? ባልናገርስ ለሐኪም ቀጠሮ የምቀርበትን ቀን በምን አመካኛለሁ? ዝም ብዬ ስሠራ በሥራ ላይ ብወድቅ ማን ይጠየቃል? እነዚህ ጥያቄዎች የአንድ ሰው የግል ጭንቀት ቢመስሉም፣ ከኋላቸው ረዥም ታሪክ አለ። ያንን ታሪክ መመርመር ለታመመው ብቻ ሳይሆን፣ ሠራተኞችን ለሚያስተዳድር ባለሥልጣንና ለመምህራንም ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የአገራችን ታሪክ ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር (ዓ.ም.) ተመልክቷል።

የሐኪሙን ደጅ ሕግ ሲጠብቀው የኖረው ከጥንት ጀምሮ ነው። በግሪኩ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደ ተጻፈ የሚነገርለት መሐላ፣ ሐኪም በሥራው ላይ ያየውንና የሰማውን የሰው ምሥጢር እንዳያወጣ ያዛል። ሕመምተኛው ልቡን ከፍቶ የሚናገረውም በዚህ መሐላ ተማምኖ ነው። አሠሪ ግን እንደዚህ ያለ መሐላ አልማለም። እሱ የሚያስበው ስለ ሥራው መቃናት፣ ስለ ገንዘቡና ስለ ሌሎቹ ሠራተኞች ነው። ይህንንም ማሰቡ በራሱ ክፋት አይደለም። ክፋት የሚመጣው ዕውቀት በጎደለበት ስፍራ ፍርሃት ሲገባና፣ ፍርሃቱ ደግሞ ሥልጣን ሲይዝ ነው። ለዚህም የሳንባ ነቀርሳ ታሪክ በቂ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ በበርሊን ከተማ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ረቂቅ ተሐዋሲ ማግኘቱን አስታወቀ። ከዚያ በፊት ብዙ የአውሮፓ ሐኪሞች በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ ይመስላቸው ነበር። የኮክ ግኝት ለሰው ልጅ ታላቅ ብርሃን መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ብርሃኑ ጥላም አስከትሎ ነበር። ትናንት ዕድሉ ጠማማ ነው ተብሎ ይታዘንለት የነበረ ሕመምተኛ፣ በሽታው ተላላፊ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሚሸሹት ሰው ሆነ። መድኃኒቱ ደግሞ ገና አልተገኘም ነበር። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሆን፣ አይሶናያዚድ ለዚህ በሽታ መስጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። እንግዲህ በበሽታው መታወቅና በመድኃኒቱ መገኘት መካከል ከ60 ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አለፈ ማለት ነው። ሰው በእነዚያ ዓመታት የተማረውን ፍርሃት፣ መድኃኒቱ ከመጣ በኋላም በቶሎ አልረሳውም። ዛሬ ተገቢውን መድኃኒት በሚገባ የሚወስድ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሽታውን ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉን እንደሚያቆም ሐኪሞች ያውቃሉ። የሐኪሙ ዕውቀት ግን ወደ መሥሪያ ቤት የሚደርሰው በብዙ መዘግየት ነው።

የዚህ መዘግየት ዋጋ በአንዲት መምህርት ሕይወት ላይ ታይቷል። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ናሶ በሚባል አውራጃ፣ አርላይን የሚባሉ መምህርት እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያስተምሩ ነበር። እኒህ መምህርት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1957 በሳንባ ነቀርሳ ታመው ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር። ከዚያም በሽታው ለ20 ዓመት ያህል ሳይታይባቸው ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1977 ግን አገረሸ። በሚከተለው ዓመት በማርችና በኖቬምበር ወር በተደረገው ምርመራም እንደ ገና ተገኘባቸው። የአውራጃው የትምህርት ቦርድ ለጊዜው ደመወዛቸውን እየከፈለ ከክፍል እንዲርቁ ካደረገ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የትምህርቱ ዓመት ሲፈጸም ከሥራ አሰናበታቸው። መምህርቷ በማስተማር ሥራቸው ጥፋት አልተገኘባቸውም፤ የተሰናበቱበት ምክንያት በሽታው በየጊዜው መመላለሱ ብቻ ነበር።

መምህርቷም ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት አቀረቡ። የተመረኮዙትም እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣ ሕግ ላይ ነው። ይህ ሕግ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት፣ ለሥራው ብቃት ያለውን ሰው በአካሉ ጉድለት ምክንያት ብቻ እንዳያገልለው ይከለክላል። ቦርዱም በበኩሉ፣ ያሰናበትናቸው ጉድለት ስላለባቸው አይደለም፤ በሽታው ወደ ሕፃናት እንዳይተላለፍ ስለ ፈራን ነው ሲል ተከራከረ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለቦርዱ ፈረደ። የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን ፍርዱን ለወጠው። በመጨረሻም ነገሩ ወደ አገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1987 ሰባት ዳኞች በመምህርቷ ወገን፣ ሁለት ዳኞች በተቃራኒው ሆነው ፍርድ ተሰጠ።

ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ዊልያም ብሬናን የሰጡት ሐሳብ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በሐሳባቸው መሠረት በሽታው በታማሚው አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ሌሎች ሰዎች ከበሽታው የተነሣ ካደረባቸው ፍርሃት ለይቶ ማየት አይቻልም፤ ኅብረተሰቡ ስለ በሽታ ያከማቸው ፍርሃትና አፈ ታሪክ ራሱ እንደ በሽታው ሁሉ ሰውን ከሥራ የሚያግድ ነውና። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤቱ ማንም ሕመምተኛ በማናቸውም ጊዜ ክፍል ገብቶ ያስተምር አላለም። ያለው ነገር፣ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሁኔታ ይመርመር የሚል ነው። አራት ነገሮችም እንዲጠየቁ አዘዘ። በሽታው የሚተላለፈው በምን መንገድ ነው? የማስተላለፊያው ዘመን ምን ያህል ይቆያል? ቢተላለፍ የሚያደርሰው ጉዳት ምን ያህል ነው? በእውነትስ የመተላለፉ ዕድል ምን ያህል ነው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው ከሐኪሞች ዕውቀት እንጂ ከአለቃ ግምት አይደለም። ነገሩ እንደ ገና ወደ መጀመሪያው ፍርድ ቤት ተመልሶ ከተመረመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 መምህርቷ ለሥራቸው ብቁ እንደ ነበሩ ተፈረደላቸው። ከተሰናበቱበት ጊዜ እስከዚህ ፍርድ ድረስ ዘጠኝ ዓመት ገደማ አልፏል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እናስብ። በዚያው ትምህርት ቤት ሳል የጀመረው ሌላ መምህር ቢኖር፣ የባልደረባውን ስንብት አይቶ ምን ይማር ነበር? የሚማረው ነገር ቢኖር ዝም ማለትን ነው። ሳሉን ብርድ ነው ይላል፤ ሐኪም ቤት የሄደ እንደ ሆነ ወሬው እንዳይወጣበት ሲል ምርመራውን ያዘገያል። በዚህም ጊዜ ሕፃናቱ በእውነት አደጋ ላይ ይወድቃሉ። እንግዲህ ሕፃናትን ለመጠበቅ ሲባል ሕመሙ የታወቀበትን መምህር የሚቀጣ መሥሪያ ቤት፣ ሕመሙን የደበቀውን በክፍል ውስጥ ያስቀምጣል። ማባረር ለጊዜው አደጋን ያራቀ ይመስላል፤ ፍጻሜው ግን አደጋውን ከዓይን መሰወር ብቻ ነው።

ይህን ስንል መሰወር ሁልጊዜ የደካማው መሸሸጊያ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። ኃይለኞችም ሕመማቸውን ይሰውራሉ። የእነርሱ መሰወር ግን ሌላ መልክ አለው። በምርጫ ሥልጣን የያዘ መሪ አሠሪው ሕዝብ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ እ.ኤ.አ. በ1893 በአፋቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘባቸው። ዘመኑ አገሪቱ በገንዘብ ቀውስ የተናወጠችበት ስለ ነበረ፣ ወሬው ቢሰማ ሁከቱ ይብሳል ተብሎ፣ በጁላይ 1 ቀን በአንድ የመዝናኛ መርከብ ላይ በምሥጢር ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በኦገስት ወር መጨረሻ አንድ ጋዜጠኛ እውነቱን አግኝቶ ቢጽፍ፣ የፕሬዚዳንቱ ሰዎች ነገሩን ካዱ፤ ጋዜጠኛውም ሐሰተኛ ተባለ። በቀዶ ሕክምናው ላይ ከነበሩት ሐኪሞች አንዱ እውነቱን ጽፈው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። እውነት የጻፈው ሰው ለ24 ዓመት የሐሰተኛ ስም ተሸክሞ ኖረ ማለት ነው።

የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ፍራንስዋ ሚተራን ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1981 ሲመረጡ፣ ስለ ጤንነታቸው በየጊዜው መግለጫ እንደሚያወጡ ለሕዝብ ቃል ገብተው ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ካንሰር ተገኘባቸው። መግለጫው በየስድስት ወሩ መውጣቱ አልቀረም፤ በሐኪማቸው እየተፈረመ ይወጣ ነበር፤ ካንሰሩ ግን በውስጡ አልተነገረም። ሕዝቡ እውነቱን የሰማው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ፕሬዚዳንቱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 1996 ባረፉ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ ያው ሐኪም ምሥጢሩን በመጽሐፍ አወጣው፤ ፍርድ ቤትም መጽሐፉን አገደ፤ ሐኪሙም የሙያ ምሥጢር በማውጣት ተፈረደበት። አንድ ሐኪም በመጀመሪያ ሐሰት በመፈረም፣ ኋላም ምሥጢር በማውጣት ሁለት ጊዜ ከመሐላው ወጣ። ዝምታ በራሱ ውሸት አይደለም፤ ቃል ከገቡ በኋላ የሐሰት ወረቀት መፈረም ግን ውሸት ነው።

በአገራችንም ታሪክ ይህን የሚመስል ነገር አለ፤ ምንም እንኳ ንጉሥ ተቀጣሪ ባይባል፣ በሕመሙ ላይ የብዙ ሰው ኑሮ የተንጠለጠለ መሆኑ ያመሳስለዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሕመሙ እየጠነከረባቸው ሲሄድ፣ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆኑን አሳወቁ። ይህ አርቆ ማሰብ ነበር፤ ሕመማቸውን በዝርዝር ባይናገሩም፣ ሕመሙ በመንግሥቱ ላይ ሊያስከትል የሚችለውን ነገር አስቀድመው ለሕዝብ ገልጠዋልና። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ግን ከባድ ሕመም ጣላቸው፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕረፍታቸው ድረስ መንግሥቱ በስማቸው ሲመራ ኖረ። ይህ ትእዛዝ የንጉሡ ነው ወይስ የሌላ ሰው? የሚለው ጥርጣሬም በመኳንንቱ መካከል ሽኩቻን አበዛ። በታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ተሰውሮ ቆየ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በተናገሩት ነገር አገር ተጠቅሟል፤ ሌሎች በሰወሩት ነገር ግን ጥርጣሬ ነግሧል።

ከእነዚህ ታሪኮች የምናገኘው ሚዛን እንዲህ ያለ ነው። የመናገር ግዴታ የሚከብደው በሰው እጅ ካለው ኃላፊነት ጋር ነው። በአገር ላይ የሚያዝ ሰው፣ አውሮፕላን የሚያበር ሰው፣ መንገደኞች የሞሉበትን አውቶቡስ የሚነዳ ሰው፣ ሕመሙ በድንገት ቢጥለው ብዙ ነፍስ አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ እንደነዚህ ያሉት ሰዎች ሥራቸውን የሚነካውን ሕመም መሰወር አይገባቸውም። በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ደብዳቤ የሚያረቅቅ፣ ሒሳብ የሚመረምር፣ ወይም መጻሕፍት የሚያደራጅ ሠራተኛ ግን የስኳር በሽታ ቢኖርበት፣ በሽታው የሚጎዳው እሱን ብቻ ነው። እሱ ስለ ሥራው እንጂ ስለ ደሙ ለአለቃው መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም።

ዓለምም ይህን ሚዛን ቀስ በቀስ ወደ ሕግ ለውጦታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ አሠሪ ሥራ ፈላጊውን ገና ሳይቀጥረው ስለ ሕመሙ እንዳይጠይቀው ከለከለ፤ ከተቀጠረም በኋላ የጤናው ወረቀት ከሌላው ፋይል ተለይቶ በምሥጢር እንዲቀመጥ አዘዘ። በብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ ከጥቂት ጉዳዮች በቀር ተመሳሳይ ክልከላ አድርጓል። የዓለም የሥራ ድርጅት በዚያው በ2010 ባወጣው በምክር ቁጥር 200፣ ማንም ሠራተኛ ወይም ሥራ ፈላጊ የኤች. አይ. ቪ. ምርመራ እንዲያደርግ ወይም ውጤቱን እንዲገልጥ እንዳይገደድ መክሯል።

አገራችንም ከዚህ ጉዞ ውጭ አልሆነችም። በሥራና በሙያ ልዩነት ማድረግን የሚከለክለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1966 ተቀብላለች። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ወጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ፣ በእርሱ ለሚተዳደር ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ይኸውም የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወሮች ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ ነው። ይህን መብቱን የማያውቅ ሠራተኛ ሕመሙን የሚሰውረው ሕግ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ሕጉን የሚነግረው ሰው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ በሁለቱ ደጆች መካከል የቆመው ሰው ምን ያድርግ? ታሪኩ ለሁሉ የሚሆን አንድ መልስ አይሰጥም፤ ሦስት ጥያቄዎችን ግን ያስተምራል። አንደኛ፣ ሕመሜ በሥራዬ ላይ ሳለሁ ሌላውን ሰው ሊጎዳ ይችላል ወይ? ይችላል የሚል መልስ ከሐኪም ከተገኘ፣ መናገር የሕሊና ግዴታ ነው። ሁለተኛ፣ ከመሥሪያ ቤቴ የምፈልገው ነገር አለ ወይ? ለቀጠሮ የሚሆን ሰዓት፣ መድኃኒት ለመውሰድና በጊዜው ለመመገብ የሚሆን ዕረፍት፣ ወይም ከሌሊት ፈረቃ ወደ ቀን መዛወር የሚያስፈልገው ሰው፣ ምክንያቱ ካልታወቀ ሰነፍ ይባላል። እንዲህ ያለው ሰው ከስንፍና ስም ይልቅ የሕመምን ስም ቢመርጥ ይሻለዋል። በዚህም ጊዜ ቢሆን የበሽታውን ስም ሁሉ መዘርዘር ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ ሐኪም ይህን ያህል ዕረፍት ያሻዋል ብሎ የጻፈው ወረቀት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሦስተኛ፣ የምነግረው ሰው ቃል የሚጠብቅ ነው ወይ? ለአንድ ኃላፊ በጽሑፍ የቀረበ ቃል ማስረጃ ሆኖ ይኖራል፤ በሻይ ሰዓት የተነገረ ቃል ግን እስከ ማታ ድረስ ግቢውን ሁሉ ይዞራል።

ይሁን እንጂ ሸክሙን ሁሉ በታማሚው ትከሻ ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው። ይናገር ወይስ አይናገር የሚለው ጥያቄ የሚከብደው አሠሪው ባከበደው መጠን ነው። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሠራተኞቹ እውነቱን እንዲነግሩት ቢወድ፣ አስቀድሞ የሚመረመረው የራሱ ደጅ ነው። የጤና ወረቀት በቁልፍ ተጠብቆ ይቀመጣል ወይስ በመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይውላል? ባለፈው ዓመት ሕመሙን የተናገረው ሠራተኛ ዛሬ የት ነው? በሥራው ላይ አለን ወይስ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል? ሠራተኞቹ ሁሉ የዚህን ጥያቄ መልስ ያውቁታል። የሚናገሩትም ዝም የሚሉትም ይህንኑ አይተው ነው።

የፍሎሪዳዋ መምህርት ብቁ መሆናቸው እስኪፈረድላቸው ድረስ ዘጠኝ ዓመት ገደማ አልፏል። ከቦርዱ ሰዎች አንዱ እነዚያን አራት ጥያቄዎች ይዞ ከመሰናበታቸው በፊት ወደ ሐኪም ቢሄድ ኖሮ፣ መልሱ በጥቂት ቀን በተገኘ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረታችን ለሁለተኛውም ደጅ እውነት የሚሆነው፣ በዚያ ደጅ የተቀመጠው ሰው ከመፍረዱ በፊት ሲጠይቅና የሰማውንም ሲጠብቅ ብቻ ነው።